መምህሩ ያላዩት ብርሃን

የሒሳብ መምህሩ በሞቱ ማግስት ጠዋት፣ መርማሪዋ ወደ ቢሮዋ ልትገባ ስትል፣ ጥቁር የለበሱ አንዲት እናት የፖሊስ ጣቢያውን ደረጃ ዘግተው ተቀምጠው አገኘች።

«ቆይማ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?» አሏት ቀና ብለው።

መርማሪዋ ክው አለች። ባልደረቦቿ በሌለችበት እንደዚያ እንደሚጠሯት ታውቃለች። ሰው ሁሉ ጉዳዩ አለቀ ብሎ ወንበሩን ሲገፋ፣ «ቆይማ…» ብላ ነገሩን እንደገና ከሀ ስለምትጀምረው ያወጡላት ስም ነው። ፊት ለፊት የጠራት ግን እስከ ዛሬ አልነበረም።

«ነኝ፣ እናቴ። ምን ልርዳዎት?»

«የሞተው ወንድሜ ነው። በእሱ ሞት የታሰረው ደግሞ ልጄ ነው። ወንድሜን እቀብራለሁ፤ ምን አደርጋለሁ! ልጄን ግን በቁሙ አታስቀብሩኝ።»

ይህን ሲሉ አላለቀሱም። መርማሪዋ ያስጨነቃትም ይኸው ነበር። የሚያለቅስን ሰው ታባብላለች፤ እንዲህ ደርቆ የሚያያትን ግን አትችለውም። አጠገባቸው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ልጅዎ ምን ይሠራል?»

«ኮምፒውተር ይጠግናል። ሰፈሩ ሁሉ ጠጋኙ ነው የሚለው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደገው አጎቱ ነው። እንዴት ብሎ ይገድለዋል?»

አዛዡ ግን መዝገቡን ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀመጠው ፊርማዋን ብቻ ፈልጎ ነበር።

«ያለቀለት ነገር ነው» አላት። «ልጁ በራሱ እጅ የጠገነውን ቻርጀር ለአጎቱ ሰጠ። ብርጭቆ ተደፋ፣ ውሃው ቻርጀሩ ላይ ፈሰሰ፣ ሰውየው ነኩት፣ ኤሌክትሪክ ያዛቸው። በቸልተኝነት ሰው መግደል። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ገና እየመረመረ ነው። ምን ሊል ነው ብለሽ?»

«ያገኛቸውስ ማነው?»

«ራሱ ልጁ። ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን ልጠግን ስገባ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ እሳቸው ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው፣ ስክሪኑ ፊታቸው ቦግ ብሎ በርቶ አገኘሁ ይላል። ቻርጀሩን ከግድግዳው ነቅሎ ጮኸ።»

«ከመንቀሉ በፊት ስክሪኑ በርቶ ነበር? ሊጠግነው የመጣው እኮ ተበላሽቶ ነው። ቆይማ…»

አዛዡ ዓይኑን ጨፈነ። የመኪናውን ቁልፍ ግን አቀበላት።

የመምህሩ የሥራ ክፍል ከመንገዱ ጋር የሚዋሰን አንድ ዝቅ ያለ መስኮት ነበረው። ወፍራሙ መጋረጃ በጠራራ ቀን ተዘግቷል። በጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑ ክዳኑን ከፍቶ፣ ባትሪውን ጨርሶ ጠፍቷል። ከጎኑ የተጋደመ ብርጭቆ፣ የመምህሩ መነጽር፣ በፊቱ የተደፋ የእጅ ስልክ አለ። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ በሪፖርቱ እንዳሰፈረው ስልኩ ሲገኝ መብራቱ እንደበራ ነበር።

የመምህሩ ባለቤት በሩን ተደግፈው ቆመዋል። ልብስ ሰፊ ናቸው። ሐዘን ላይ ሆነው እንኳ የመጋረጃውን የተተረተረ ጫፍ በጣታቸው እየጠቀለሉ ነበር።

«ትናንት ጠዋት እርስዎ ሲወጡ መምህሩ እንዴት ነበሩ?» ጠየቀች መርማሪዋ።

«ሲራገም ተውኩት። ልጁ ከትናንት በስቲያ ማታ አዲሱን ሲስተም ጭኖለት ሄደ። ጠዋት ሲከፍተው ስክሪኑ ድርግም! ድምፁ ይሰማል፣ ብርሃን ግን የለውም። ‘በደህናው ቀን ጤነኛውን ማሽን አሳወረብኝ’ እያለ ለልጁ ደወለ። ከዚያ ‘መጋረጃውን ዝጊልኝ’ አለኝ።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ! ሱቄ ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ ትጠብቀኛለች። ዘግቼለት፣ የመድኃኒቱን ውሃ አስቀምጬለት ወጣሁ። እስኪጠሩኝ ድረስ ከሱቄ ንቅንቅ አላልኩም።»

«ምን አስቸኮላቸው?»

ሴትየዋ ጨርቁን መጠቅለል ተዉ። «መጽሐፉን ለአሳታሚው ሊልክ ነበር። ከትናንት በስቲያ አንድ ስልክ ተደውሎለት ፊቱ ጥላሸት መሰለ። ምነው ስለው ‘ነገ ይለይልናል’ ብቻ አለኝ። እኔ ላይ ነገር አያወርድም፤ ሆዱ ውስጥ ነበር የሚያብሰለስለው።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ላፕቶፑን አየችው። የሰፈሩ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ምልክት ይተዋል፤ ጠረጴዛውም ቻርጀሩም በዚያ ምልክት ተዥጎርጉረዋል። የፊደላቱ ሰሌዳ ግን ጠብታ አልነካውም። ዞር ብላ ከኋላ የክዳኑን ጀርባ ስታይ፣ እዚያ ነጫጭ ነጥቦች ተበትነዋል። እንደ ቀሚስ ቁልፍ ክብ ክብ ናቸው። አንዱም ወደ ታች የወረደበት መስመር አልነበረውም።

«ይህን ክዳን የነካው አለ?»

«ማን ይነካዋል? ‘እንዳለ ይቆይ’ ብለው ክፍሉን ዘጉት።»

ለእንግዳ ከተዘጋጀው ወንበር ላይ ለስላሳውን ትራስ አንስታ አየችው፤ አንድ ገጹ ላይ ደብዛዛ እድፍ ነበረበት። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልላ ለሐኪሙ ላከችው።

መምህሩን በሕይወት አየሁ ብሎ ለፖሊስ ቃሉን የሰጠው አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ የሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት ከመምህሩ ቤት ብዙ አይርቅም። በልጅነቱ የመምህሩ ተማሪ ነበር። አሁን ጥሩ ከረባት የሚያስር፣ ድምፁን ለክቶ የሚያወጣ ሰው ሆኗል። መጽሐፉን ከመምህሩ ጋር እንደሚያዘጋጅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«እሳቸው አስተማሩኝ፣ እኔ ደግሞ በስተርጅና እጃቸው ሆንኩ» አለ መሐረቡን እያወጣ። «ምን ልበልዎት ኢንስፔክተር፣ ወላጅ አባቴን ነው ያጣሁት።»

«በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋቸው እርስዎ ነዎት ይባላል።»

«ምሳ ልበላ ስወጣ በመስኮታቸው ሥር ነው የማልፈው። መጋረጃው ትንሽ ክፍተት ነበረው። የስክሪኑ ነጭ ብርሃን ፊታቸው ላይ አርፎ፣ በሁለት እጃቸው ሲጽፉ አየኋቸው። ቀና ብለው እጃቸውን አነሱልኝ። እኔም አነሳሁላቸው። የመጨረሻችን መሆኑን ማን አወቀ!»

«ስክሪኑ በደንብ ያበራ ነበር?»

«በደንብ እንጂ! ፊታቸው ላይ ያለውን ሽበት መቁጠር ይቻላል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እስከ ማታ ስብሰባ። መምህራኑን ይጠይቁ።»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች። በሩ ላይ ዘበኛውን አስቁማ ስለ ትናንቱ ስብሰባ ጨዋታ መሳይ ነገር ጠየቀችው። ዘበኛው ሳቀ። «መምህራኑ እኮ ተሰብስበው ዳይሬክተሩን ሲጠብቁ አፋቸውን እያፋሸጉ ነበር። ሲመጣ ደግሞ እጅጌው ርሶ!»

መኪናዋን ሳታስነሳ ስልኳ ጮኸ። ሐኪሙ ነበር።

«ኤሌክትሪክ አይደለም» አላት። «ገላቸው ላይ የተቃጠለ ቦታ የለም። የዓይናቸው ነጩ በጥቃቅን የደም ነጥብ ተሞልቷል፣ የከንፈራቸው ውስጥ ተላልጧል። ታፍነው ነው የሞቱት። የላክሽው ትራስ ላይ ደግሞ ምራቅና ትንሽ ደም አለ።»

አዛዡ ይህን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ። «በርቺ! ልጁን ከቸልተኝነት አውጥተሽ ነፍሰ ገዳይ አደረግሽው። ዳይሬክተሩ በሕይወት አይቷቸዋል። ሚስትየዋ ሱቋ ውስጥ ነች። ከምሳ በኋላ ያንን ቤት የረገጠ ከልጁ ሌላ ማን አለ?»

መርማሪዋ በመስኮቱ ወደ ደረጃው ተመለከተች። እናትየዋ አሁንም እዚያው ተቀምጠዋል። እኒህን ሴት ረዳሁ ብላ የልጃቸውን ገመድ ያጠበቀችባቸው እሷው ራሷ ነች። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤቱ የሚሰማው አንድ ምስክር ነው፤ እሱም ዳይሬክተሩ።

ጠጋኙን አስጠራችው። ቀጭን፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ ወጣት ነው። ላፕቶፑን ከሌላ ቻርጀር ጋር ፊቱ አስቀመጠችለት።

«አስነሳው።»

ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ ጠዝጠዝ አለ፣ የመነሻ ድምፁን አሰማ። ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

«ይኸው!» አለ ጠጋኙ። «ትናንት ጠዋት ያሉኝ ይሄንን ነው። አዲሱ ሲስተም ከስክሪኑ ድራይቨር ጋር አልተስማማም። ማለቴ፣ ብርሃኑን የሚያዘው ሶፍትዌር ሲነሳ ከኋላ ያለውን መብራት አይቀሰቅሰውም። ምስሉ ግን አለ። መብራቱን ያጥፉትና ይዩ።»

መብራቱን አጥፍታ የመስኮቱን መጋረጃ ዘጋች። ጠጋኙ የስልኳን መብራት ስክሪኑ ላይ አስጠጋ። ከጥቁረቱ ሥር የደበዘዙ ፊደላት ብቅ አሉ።

«እንዲህ ያድርጉ ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ‘ሱቄን ዘግቼ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ፣ እስከዚያ እንደምንም ይሞክሩ’ አልኳቸው።»

«ስትደርስ ግን በርቶ ነበር።»

«እኔም ገርሞኛል። በርቶ የይለፍ ቃል ይጠይቅ ነበር።»

«ቆይማ። ሰው እየሠራበት ያለ ማሽን የይለፍ ቃል ለምን ይጠይቃል? ዝም ሲሉት ራሱ ይተኛል እንዴ?»

«አይተኛም። ሲስተሙ ሲጫን እንዳይቋረጥ ብዬ በራሱ እንዳይተኛ አድርጌዋለሁ። የሚተኛው ክዳኑ ከተዘጋ ብቻ…» ጠጋኙ ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው።

መርማሪዋ እጇን ዘርግታ ክዳኑን ዘጋችው። ጥቂት ጠብቃ መልሳ ከፈተችው። ሁለቱም ያዩትን አይተው ተያዩ።

«ለማንም እንዳትናገር» አለችው። «አሁን የይለፍ ቃሉን አስገባና አጎትህ ምን ላይ እንዳቆሙ አሳየኝ።»

ሳይመሽ፣ ገና ፀሐይ በመንገዱ ላይ እያለች፣ ሁሉም በመምህሩ የሥራ ክፍል ተሰበሰቡ። እናትየዋና ባለቤትየው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ ከረባቱን አስተካክሎ መስኮቱ አጠገብ ቆመ። ጠጋኙ በካቴና እንዳለ ጥግ ላይ ነው። አዛዡ በሩን ይዟል። ላፕቶፑ ጠፍቶ፣ በቦታው ተቀምጧል።

«መምህሩ በኤሌክትሪክ አልሞቱም» አለች መርማሪዋ። «ታፍነው ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ፣ በእንግዳው ወንበር ትራስ።»

እናትየዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ባለቤትየው ተነስተው እንደገና ተቀመጡ።

«ገዳዩ ከዚያ በኋላ አደጋ ለማስመሰል ፈለገ። ቻርጀሩን ወደ እጃቸው አስጠጋ፣ ብርጭቆውን ደፋ። ላፕቶፑ መንገድ ዘግቶበት ስለነበር መጀመሪያ ክዳኑን ዘግቶ ገፋ አደረገው። ይህን የነገረኝ ውሃው ነው። ፊደላቱ ደረቅ ናቸው፣ የክዳኑ ጀርባ ግን ውሃ አለበት። ክዳኑ ቆሞ ቢሆን ጠብታው ወደ ታች ይወርድ ነበር። እነዚህ ክብ ናቸው፤ በተኛ ክዳን ላይ ወድቀው እዚያው የደረቁ።»

«ይህ ምን ያሳያል?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ውሃው ሲደፋ ክዳኑ ተዘግቶ እንደነበር። ሲገኝ ግን ተከፍቷል። ገዳዩ ሰውየው ሥራ ላይ እያሉ የሞቱ እንዲመስል ወደ ቦታው መልሶ ከፈተው። አሁን ሁላችሁም ስክሪኑን እዩልኝ።»

ላፕቶፑን አስነሳችው። ድምፁ ተሰማ፤ ስክሪኑ ጨለማ ነው።

«ትናንት ጠዋትም እንዲህ ነበር። ባለቤታቸው አይተውታል። መጋረጃው የተዘጋው፣ የስልኩ መብራት የበራው ለዚህ ነው፤ መምህሩ በጨለማ ውስጥ ጭላንጭል ሲፈልጉ ነበር። አሁን ደግሞ ይህን እዩ።»

ክዳኑን ዘጋችው። ጥቂት ቆይታ ስትከፍተው ነጭ ብርሃን ቦግ ብሎ ክፍሉን ሞላው። ባለቤትየው «ውይ!» አሉ።

«ማሽኑ ተኝቶ ሲነቃ መብራቱ አብሮ ይነቃል። መምህሩ ይህን አላወቁም፣ ጠጋኙም አላወቀም። ገዳዩማ ጭራሽ ችግሩ መኖሩን አላወቀም። ሲገባ ጥቁር ስክሪን አየ፤ የጠፋ መሰለው። ሲከፍተው በራ፤ ያለ ነገር መሰለው። ሳያስበው ጠገነው።» ወደ መስኮቱ ዞረች። «ዳይሬክተር፣ ምሳ ሰዓት ላይ ምን አየሁ አሉኝ?»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነግሬዎታለሁ።»

«እህታቸው ይስሙት።»

«ሲጽፉ… ብርሃኑ ፊታቸው ላይ…»

«እጃቸውንም አነሱልዎት። እንግዲህ መምህሩ በሕይወት ከነበሩ ስክሪኑ ጨለማ ነበር። ስክሪኑ በርቶ ከነበረ መምህሩ ሞተዋል። እርስዎ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ አየሁ አሉ።»

ዳይሬክተሩ ሳቅ ለማለት ሞከረ።

«ይሄ ውሃ የማያነሳ ነገር ነው። እሳቸው ራሳቸው ተናደው ክዳኑን ዘግተው፣ ውሃ ደፍተው፣ መልሰው ከፍተውት ቢሆንስ? በርቶላቸው፣ እኔን ሰላም ብለው፣ ከዚያ ልጁ መጥቶ ቢሆንስ?»

«እኔም ራሴን ቆይማ ያልኩት እዚህ ላይ ነው» አለች። ለጠጋኙ ምልክት ሰጠችው፤ በታሰረ እጁ የይለፍ ቃሉን አስገባ። «ይህ ለአሳታሚው የተዘጋጀ ኢሜይል ነው። መጽሐፉ ከነመጀመሪያዎቹ ረቂቆቹ ተያይዟል። በጭላንጭል እየዳበሱ እዚህ ድረስ ደርሰዋል። የቀራቸው አንድ ነገር ነበር፤ ‘ላክ’ የሚለውን መጫን። ብርሃኑ ቢመጣላቸው ኖሮ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምን ነበር? እርስዎን ሰላም ማለት? መጋረጃውን በከፈቱት፣ የስልኩን መብራት ባጠፉት፣ ይህንንም በላኩት ነበር። አልላኩትም። ብርሃኑ የመጣው እሳቸው ካለፉ በኋላ ነው።»

«እኔ ለምን ብዬ…»

«አሳታሚውን አነጋግሬዋለሁ። መጽሐፉን በራስዎ ስም ብቻ አስገብተውታል። እሱ ተጠራጥሮ ለመምህሩ ደወለ። ‘የእኔ መሆኑን ረቂቁን ልኬ አሳይሃለሁ’ አሉት። እርስዎም ምሳ ሰዓት ላይ ሊለምኗቸው መጡ። ስብሰባው ላይ የደረሱት አርፍደው ነው፤ እጅጌዎም ርሶ ነበር።»

ዳይሬክተሩ ከረባቱን ፈታ አደረገ። ዓይኑ ከብርሃኑ ላይ አልነቀል አለው።

«አንድ መስመር» አለ ቀስ ብሎ። «ስሜን ከስማቸው በታች ብቻ አስገቡልኝ አልኳቸው። ‘አንተ ቁጥር ገልባጭ እንጂ ሒሳብ አዋቂ ሆነህ አታውቅም’ አሉኝ። እንደ ተማሪ። እንደዚያ እንደ ልጅነቴ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ጠረጴዛቸው ዞሩ።»

እናትየዋ ተነሱ። ሁሉም የሚመቱት መስሎት ነበር። እሳቸው ግን በአጠገቡ አልፈው ልጃቸው ጋ ሄዱና ካቴናውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ፍቱልኝ» አሉ። አሁን ነበር ያለቀሱት።

ከቀብሩ በኋላ፣ ፖሊስ የሚያስፈልገውን ቅጂ ወስዶ ላፕቶፑን ሲመልስ፣ ያመጣችው መርማሪዋ ራሷ ነበረች። ጠጋኙ በአጎቱ ወንበር ላይ ላለመቀመጥ ቆሞ ሠራ። የማይስማማውን ድራይቨር አጠፋ፣ ከአምራቹ የወጣውን አዲሱን ጫነ፣ ማሽኑን አጥፍቶ አስነሳው። ስክሪኑ ክዳን መዝጋትና መክፈት ሳያስፈልገው በራ። ብርሃኑን ቀነሰው፣ ጨመረው፤ ታዘዘለት።

«ይሄን ያኔ ባደርገው ኖሮ» አለ ዞር ሳይል። «ጠዋቱኑ ይልኩት ነበር። ያ ሰው ሲመጣ ነገሩ አልቆ ይጠብቀው ነበር። ማሽናቸውን ባልነካው ኖሮ…»

«ስክሪኑን ያጨለምከው አንተ ልትሆን ትችላለህ» አለችው መርማሪዋ። «ትራሱን ያነሳው ግን ሌላ ሰው ነው። ሁለቱን አታደባልቃቸው።»

እናቱ ከኋላው መጥተው በትከሻው ላይ አጮልቀው አዩ። መነጽራቸውን አልያዙም።

«የወንድሜ ስም አለበት?»

«አለበት እማዬ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ብቻውን።»

«ብርሃኑን ጨምርልኝ እስቲ።»

ጨመረላቸው። ስሙን በጣታቸው ነኩት። ጠጋኙ ቀስቱን ‘ላክ’ የሚለው ላይ አደረሰ። ወደ መርማሪዋ ዞረ።

«ልላከው?»

እናትየዋም፣ ከበሩ ሥር የቆሙት ባለቤትየውም አይዋት። «ቆይማ» ልትል ነው ብለው ሁሉም ጠበቁ።

«ላከው» አለች።